አክስቴን «አንቺ» ለማለት

ዶንግ ሳ መንደር፣ ቬትናም
ማርች 2 ቀን 2014

ለተከበሩ አያቴ ለአቶ ፉንግ ቫን ሶዋን
ኼብ ከተማ፣ ቼክ

ከሁሉ አስቀድሜ ያ የማይለቅ ብርድ አጥንትዎን እንዳይነካብኝ፣ ቅድመ አያቶቻችንም እርስዎንና ሱቅዎን ከላይ ሆነው እንዲጠብቁልኝ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ቤቱም፣ የቅድመ አያቶች መታሰቢያውም፣ ጓሮ ያለው የባሕረ ሎሚ ዛፍም ደህና ነው።

በሃያ አንድ ዓመት ብቻ የሚበልጡኝን ሰው «አያቴ» እያልኩ ስጽፍ የቡድኔ የከተማ ልጆች ይስቁብኛል። ምን ይግባቸው! የእርስዎ አባት የቅድመ አያቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ስለዚህ እርስዎ አያቴ ነዎት፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልጅዎ ኛይ ደግሞ አክስቴ ናቸው። እኛ የምንቆጥረው ትውልድ እንጂ ዕድሜ አይደለም ብላቸው፣ «ታዲያ አክስትሽ መቼ ነው ጥርሳቸውን አብቅለው የጨረሱት?» ይሉኛል።

ስልክ እያለ ወረቀት የመረጥኩት፣ የቤተ ዘመድ ጉዳይ በቀለም ካልተጻፈ እርስዎ ዘንድ ቦታ እንደሌለው ስለማውቅ ነው።

በጃንዋሪ የክፍለ ሀገራችን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆኜ ተሾምኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ረዳት ተብዬ ማሊያ ሳጥብና ኳስ ስነፋ ኖሬ፣ በመጨረሻ ፊሽካው የኔ አንገት ላይ ዋለ። ሴት ዋና አሠልጣኝ በክፍለ ሀገሩ የመጀመሪያዋ ነኝ። ሹመቱ ግን ብቻውን አልመጣም። ዘንድሮ ዋንጫ ካላመጣን ቡድኑ ይበተናል ተብሏል። ሃያ ሁለቱ ልጆቼ ወደ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ወይም ወደ ሩዝ ማሳ ይመለሳሉ ማለት ነው።

ዋንጫ የሚያመጣ እግር ያላቸው ደግሞ አክስቴ ኛይ ናቸው። በግራ መስመር አንዴ ከተነሡ የሚይዛቸው የለም። ጣጣው ያለው እኔ ጋ ነው። ባለፈው እሑድ ከኋላቸው ተጋጣሚ ስትመጣ አየሁና ከመስመር ዳር፣ «አክስቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከኋላዎ ሰው አለ!» ብዬ ጮህኩ። ገና «ይቅርታ» ላይ ሳለሁ ኳሷን ነጥቀዋቸዋል፤ «ሰው አለ» ስል መረባችን ውስጥ ነበረች። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። ያችን ጎል ያገባችው አክብሮቴ ናት።

ልምምድ ላይማ አይነሣ። «አክስቴ፣ እባክዎ አሥር ዙር ይሩጡልኝ» ስላቸው ወገባቸውን ይዘው፣ «በዚህ ፀሐይ? ልጄ፣ አክስትሽን ልትገያት ነው እንዴ?» ይሉኛል። ሃያ አንዱ በሳቅ መሬት ላይ ይንከባለላሉ። አክስቴ እየሳቁ ስድስት ዙር ሮጠው ያቆማሉ። አራቱን ማን ይጠይቃቸው?

የቤተ ዘመዱን መዝገብ የሚይዙት ሽማግሌ ቲን ዘንድ ሄጄ መላ ጠየቅሁ። «አክስትን አንቺ ማለት? ያን ማዕረግ ሊያላላ የሚችል የወለዳት አባቷ ብቻ ነው» ብለው ሸኙኝ። ስለዚህ ከጉልበትዎ ወድቄ እለምናለሁ፦ በሜዳው ነጭ መስመር ውስጥ ብቻ፣ ጨዋታና ልምምድ እስኪያልቅ ብቻ፣ ልጅዎን «አንቺ» እንድላቸው ይፍቀዱልኝ። ከመስመሩ ስንወጣ እንደ ወትሮው ሻያቸውን በሁለት እጄ አቀርባለሁ።

አክባሪ የልጅ ልጅዎ
ሉየን


ኼብ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2014

ለልጅ ልጄ ለሉየን

ሰላምታዬ ከአንቺ አልፎ ለመንደሩ ሁሉ ይድረስ። ጤና ይስጥሽ፣ ሹመትሽም ይጽናልሽ። ደብዳቤሽን ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የአክብሮት ጎል ያልሽው ላይ ስስቅ አንዲት ደንበኛ ያመመኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

እኔ አንቺን የማውቅሽ ከዛፍ የወደቀ ባሕረ ሎሚ እየለጋሽ የቤታችሁን የሸክላ ጣራ ስትሰባብሪ ነው። አባትሽ ዱላ ይዞ ሲፈልግሽ የሩዝ ጎተራዬ ውስጥ የደበቅኩሽ እኔ ነኝ። ብሔራዊ ቡድን ገብተሽ ወርቅ ያመጣሽ ዕለት እዚህ ያለን የአገር ልጆች ሱቃችንን ዘግተን ጨፍረናል። ለማያውቅ ፈረንጅ ሁሉ «ሰባት ቁጥሯ የልጅ ልጄ ናት» ስል፣ እነሱ ደግሞ ፊቴን እያዩ ዕድሜዬን ያሰላሉ።

ግን ልጠይቅሽ። የጉልበትሽ ጅማት ሲበጠስ ማን አነሣሽ? ወርቁን ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ በብስክሌት ዳቦ ስታዞሪ ያዩሽ ሰዎች ነግረውኛል። አልወቅስሽም፤ ሥራ ነው። ለልጄ ግን አልመኝላትም።

ኛይን ወደዚህ ላመጣት ነው። ወረቀቷን ጀምሬያለሁ። ሱቁ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ፈቃድ ያልሽው ነገር አያስፈልግም። በሰላም አሰናብቻት።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ስትሮጥ እናቷን ትመስላለች? እሱን ብቻ ንገሪኝ።

አያትሽ ሶዋን


ዶንግ ሳ፣ ጁን 8 ቀን 2014

ለተከበሩ አያቴ

ጤናዎ እንደ ድምፅዎ ጠንካራ ይሁንልኝ። መልሴ የዘገየው በአጨዳው ምክንያት ነው። ሜዳችን ላይ የመንደሩ ሩዝ ተሰጥቶ እስኪደርቅ ኳስ መምታት ክልክል ነው። ልጆቹን ለሁለት ሳምንት መሮጫ ሳጣላቸው መንሽ አስይዤ ሩዝ አስገላበጥኳቸው። ትከሻቸው እንዴት እንደጠነከረ!

እናታቸውን ይመስላሉ ወይ ላሉኝ፦ ይመስላሉ። ሲሮጡ የምላሳቸው ጫፍ በከንፈራቸው ጥግ ብቅ ትላለች። ነፍሳቸውን ይማርና እናታቸው ሩዝ ሲያበጥሩ እንደሚያደርጉት። መንደሩ ይህን ሲያይ እሳቸውን ያስታውሳል፤ ካረፉ ሁለት ዓመት ብዙ አይደለም።

አሁን ስለ ዳቦው። አያቴ፣ ያዩኝ ሰዎች የነገሩዎት ግማሹን ነው። ዳቦ ሸጫለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አፍሬ ባርኔጣዬን እስከ አፍንጫዬ አውርጄ ነበር የምዞረው። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት ከነልጇ መንገድ ዘግታ አስቆመችኝ። «ሰባት ቁጥር አንቺ አይደለሽም? ይህቺ ልጅ ጫማ ጨረሰችብኝ፤ ወይ አስተምሪያት ወይ አስጥያት። የምከፍልሽ ግን የለኝም» አለችኝ። «ዳቦ ግዢኝ» አልኳት። በሦስት ወር አሥራ አራት ልጆች ሆኑ፤ ቅርጫቴም ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ባዶ ይሆን ጀመር። የዛሬዋ ግብ ጠባቂዬ ያቺ ጫማ ጨራሽ ናት። ጉልበቴ የተበጠሰ ቀን ያነሣኝ አልነበረም፤ እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሜዳ ላይ የወደቀች ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የምታየው የኔን እጅ ነው። እኔ በዚህ እኮራለሁ፤ ደብቄ አላውቅም።

ፈቃድዎ እስኪመጣ በማዕረጉ ዙሪያ ለመሽሎክሎክ ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ «አሥራ አንድ ቁጥር!» እያልኩ ጠራኋቸው። ሽማግሌ ቲን ሰምተው፣ «አክስትሽ እስረኛ ናት እንዴ በቁጥር የምትጠሪያት?» ብለው ተቆጡኝ። ቀጥዬ በፊሽካ ሞከርኩ፤ አንድ ጊዜ ስነፋ ወደ መስመር፣ ሁለት ጊዜ ስነፋ ወደ መሐል። በጨዋታው ዕለት ስነፋ ሃያ ሁለቱም ተጫዋቾች ዳኛው መስሏቸው ቆሙ። ዳኛው መጥቶ «እሜቴ፣ ከሁለታችን አንዳችን እንሂድ» አለኝ፤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን አጋማሽ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ አየሁ።

እንዲያም ሆኖ ከዘጠኝ ጨዋታ ስድስቱን አሸንፈናል። ከዚያ ከአክብሮት ጎሉ በቀር የተሸነፍንባቸው ሁሉ አክስቴ መስመራቸውን ትተው ብቻቸውን ጎል ለማግባት ወደ መሐል የገቡባቸው ናቸው። ይህን የሚያስተካክል አንድ አጭር ቃል ነው፤ ቃሉ ደግሞ እርስዎ እጅ ነው። ልመናዬን ደግሜ አቀርባለሁ።

አክባሪዎ ሉየን


ኼብ፣ ኦገስት 25 ቀን 2014

ለሉየን

ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ወረቀቷ ወጥቷል። አውሮፕላኗ ኖቬምበር 20 ነው።

ማሊያ ለብሳ የተነሣችው ፎቶግራፍ ካለ ላኪልኝ። የቀሩትን ጨዋታዎች ቀንና ሰዓትም ጻፊልኝ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ኮምፒውተር አለው፤ ጨዋታው አልፎ አልፎ በሱ ይታያል ይላል። እንዲሁ ለወሬ ያህል ነው።

ሶዋን


ዶንግ ሳ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 2014

ለተከበሩ አያቴ

ክረምቱ ሳይገባብዎት ይህ እንዲደርስዎ ብዬ ቸኩያለሁ። ሰላምና ጤና አይለይዎት። ፎቶግራፉን አያይዣለሁ። ፊታቸው የተቆጣ የሚመስለው፣ ፎቶ አንሺው «ልጅት፣ ቀና በይ» ስላላቸው ነው።

ለዋንጫ አልፈናል! ኖቬምበር 15፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በራሳችን ስታዲየም፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ ከወሰዱት ከትልቁ ከተማ ልጆች ጋር። የእነሱ አሠልጣኝ በጋዜጣ «የሩዝ አስጪዎቹ ቡድን» ብሎናል። ቆርጬ ልብስ መቀየሪያ ክፍላችን በር ላይ ለጠፍኩት።

ስለ ጉዞው ለአክስቴ ነግሬያቸዋለሁ። ታኬታቸውን ሲፈቱ ሲያስሩ ቆዩና፣ «አባቴ ከጠራኝ እሄዳለሁ። ዋንጫውን አስቀምጬ» አሉኝ። በማግስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አሥሩንም ዙር ሮጡ። እኔ ዞር ብዬ አለቀስኩ።

ስለ ልመናዬ ሁለት ጊዜ ጽፌ «አያስፈልግም» ከማለት በቀር እሺ ወይም እምቢ አላሉኝም። ዝምታዎን እንደ እሺታ ልቁጠረው እንደ እምቢታ አላውቅም። መንደሩ በሙሉ ስታዲየም ይመጣል፤ ሽማግሌ ቲን ከፊት ወንበር ናቸው። አያቴ፣ አንዲት ቃል!

ሉየን


ዶንግ ሳ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 2014

ለተከበሩ አያቴ

በሰላምታ መጀመር አልችልም፤ መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ።

ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ነበርን። አንድ ለአንድ። ስታዲየሙ ከበሮና የድስት ክዳን ይደበድባል። አክስቴ ኳሷን በግራ መስመር ላይ አገኙ። ከፊታቸው ሜዳው ባዶ ነው፤ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ማንም የለም። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ወደ ጎሉ አዞሩ። አራት ተከላካይ ወደቆመበት ወደ መሐል ሊገቡ እንደሆነ ከትከሻቸው አወቅሁ። ዓመቱን ሙሉ ያሸነፈን ይኸው ነው። የሃያ ሁለት ልጆች ዕድል በዚያች ግራ እግር ላይ ተንጠልጥሎ እያየሁ «ይቅርታ ያድርጉልኝና» የሚለው ከጉሮሮዬ አልወጣም።

«አንቺ ኛይ! መስመርሽን ያዢ! ሂጂ!»

አያቴ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። የኛ ሰዎች የተቀመጡበት በኩል ከበሮው ቆመ። አክስቴ አንዴ ብቻ ዞር ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው ፈጥጧል። ከዚያ ምላሳቸው በከንፈራቸው ጥግ ወጣች፣ መስመሩን ይዘው ተፈተለኩ። ከማዕዘኑ አሻገሯት፤ አጥቂያችን በግንባሯ መረብ ውስጥ ከተተቻት። ሁለት ለአንድ። ዋንጫው የኛ ሆነ! ቡድኑ አይበተንም፤ የክፍለ ሀገሩ ሹም ሜዳው ላይ ማይክሮፎን ይዞ በሕዝብ ፊት ተናገረ። ለከተሜዎቹም አሠልጣኝ አንድ ከረጢት ሩዝ ሸልመን ሸኘነው። ሳቀና በትከሻው ተሸክሞት ሄደ፤ ጨዋ ሰው ነው።

ልጆቹ ሲያነሡኝ ሲጥሉኝ ከቆዩ በኋላ አክስቴ ሰዉን ገፍተው መጡ። «ምን ነበር ያልሽኝ አንቺ?» አሉኝ። ሁለት እጄን አጣምሬ ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥመው ማልቀስ ጀመሩ። «እናቴ ከሞተች ጀምሮ የተቆጣኝ ሰው የለም» አሉኝ። «መንደሩ ሁሉ አክስቴ፣ አክስቴ ይለኛል፤ ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም። ደግመሽ በይኝ።» ሜዳው መሐል ቆሜ «አንቺ ኛይ፣ አንቺ ኛይ» እያልኩ አብሬያቸው አለቀስኩ።

ሽማግሌ ቲን ግን እጄን ሳይጨብጡ ሄዱ። ትናንት አስጠርተውኝ፣ «ድሉ ድል ነው፤ ዶሮም አርደንለታል። አንቺ ግን አክስትሽን በአምስት ሺህ ሰው ፊት ዝቅ አድርገሻል። የአባቷ ፈቃድ ከጨዋታው በፊት ደርሶሽ ቢሆን ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር» አሉኝ። ፈቃድ ከሌለኝ በአዲሱ ዓመት የቤተ ዘመድ ጉባኤ ላይ ተንበርክኬ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ አሠልጣኝነቱን ስለመተውም እንድንነጋገር ታዘዝኩ። እንበረከካለሁ፤ ግድ የለኝም። ፊሽካውን ግን አልሰጥም።

ጉዞውን በተመለከተ፣ አክስቴ ሻንጣቸውን ሸክፈዋል። ጥሪዎን ይጠብቃሉ። ጥፋቴን ለእርስዎ ትቻለሁ።

የበደለችዎ የልጅ ልጅዎ
ሉየን


ኼብ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 2014

ለልጅ ልጄ፣ ለአሠልጣኝ ሉየን

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ጉሮሮሽ አይዘጋ!

በስልክ ከኛይ እንደሰማሽው፣ ጉዞው ቀርቷል። ኖቬምበር 18 ማታ ደውላ «አባዬ፣ ልምጣ ወይስ ልጫወት?» አለችኝ። «ተጫወቺ» አልኳት። ስልኩ ውስጥ የሰማሁት ጩኸት ሙሉ ቡድን ይመስላል። አንቺም እዚያ ነበርሽ መሰለኝ።

አሁን እውነቱን ልጻፍልሽ። ሱቁ ሰው አይፈልግም። ቀኑን ሙሉ የሚመጡት አሥር ሰዎች ናቸው፤ እኔ ለነሱ እበዛለሁ። ቤቴ ውስጥ «አባዬ» የሚለኝ ሰው ፈልጌ ነው። ልመናሽን ዝም ያልኩትም ለዚሁ ነው። እሺ ካልኩሽ ጎበዝ እንደምታደርጊያት፣ ጎበዝ ከሆነች እንደማትመጣ አውቅ ነበር። ያንቺ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር መሳቢያ ውስጥ እከትና አንድ ሰዓት ሳይቆይ አወጣዋለሁ። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ።

ጨዋታውን አየሁት። በፀጉር አስተካካዩ ሱቅ፣ ሰባት የአገር ልጅና ግማሽ ፀጉሩ ብቻ የተቆረጠ አንድ ቼክ ሆነን። ሥዕሉ ይቆራረጣል፤ ድምፅሽ ግን አልተቆረጠም። «አንቺ ኛይ!» ስትዪ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁና «ሂጂ፣ እሺ በያት!» ብዬ መስተዋቱን ላወርደው ነበር። ልጄ ዞር ስትል ፊቷ የኮምፒውተሩን መስኮት ሞላው። ትልቅ ሰው ሆናለች፤ እኔ በሌለሁበት ትልቅ ሰው ሆናለች። ጎሉ ሲገባ ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠው ሰውዬ አቅፎ ሳመኝ። «የምትጮኸው ሴትዮ ማን ናት?» አለኝ። «ልጄን ያሳደገቻት ሰው ናት» አልኩት።

ለአዲሱ ዓመት እመጣለሁ። ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ። ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት አለ። በፖስታ ቤት አልላክሁትም፤ ወደ ሀገር የሚገባ ሰው በእጁ ያደርስልሻል። ሽማግሌ ቲን የፖስታ ማህተም ማንበብ ይወዳሉ፣ ማህተም የሌለውን ግን ምን ያነባሉ? በሁለት እጅሽ ስጫቸው። በመንገድ ዘገየ በያቸው፤ ስለ ቀረው ጉባኤው ላይ እኔ ራሴ እቆማለሁ።

አያትሽ ሶዋን


ኼብ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2014

ለተከበሩ ለሽማግሌ ቲንና ለፉንግ ቤተ ዘመድ በሙሉ

ቅድመ አያቶቻችን ምስክር ይሁኑኝ። እኔ ፉንግ ቫን ሶዋን፣ ልጄ ፉንግ ቲ ኛይ በሜዳው ነጭ መስመር ውስጥ እስካለች ድረስ የማንም አክስት እንዳልሆነች በዚህ ጽሑፍ አረጋግጣለሁ። አሠልጣኟ ሉየን «አንቺ» እንድትላት፣ እንድትቆጣት፣ እንድታስሮጣት፣ ካስፈለገም እንድታስለቅሳት በሙሉ ልቤ ፈቅጃለሁ። በዚህ ቅር የሚለው ሰው ካለ ቅሬታውን ለኔ ያምጣ፤ ሉየንን አይንካ።

ይህን የጻፍኩት ጨዋታው ከመደረጉ ከስድስት ቀን በፊት ነው። ሁለት ለአንድ እንደምናሸንፍ ግን በዚያን ጊዜም አውቅ ነበር።

ፉንግ ቫን ሶዋን
የኛይ አባት